ከታካሚው በስተቀኝ

ጸሐፊዋ ለምሳ ስትወጣ ቢሮው እንደ ወትሮው ነበር። ረጅሙ ቡናማ ሶፋ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ አንድ ጫፉ በመስኮቱ፣ ሌላው ጫፉ በበሩ በኩል ተዘርግቷል። ትራሱና የንባብ መብራቱ በመስኮቱ በኩል ናቸው። ባለመደገፊያው ወንበር በሩ አጠገብ ቆሟል። ፕሮፌሰሩ እዚያ ላይ ተቀምጠዋል፤ ነጭ ሸሚዛቸው እስከ አንገታቸው ተቆልፏል፣ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ወጥቷል፣ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው።

«የሚበላ ነገር ላምጣልዎት?» አለቻቸው ከኋላቸው።

አልመለሱላትም። ስለ ነገው ጉባኤ እያሰቡ መሰላትና በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች።

ስትመለስ ወንበሩ ባዶ ነበር። ፕሮፌሰሩ ሶፋው ላይ በጀርባቸው ተንጋለው፣ እጃቸው ሆዳቸው ላይ ተደራርቦ፣ ዓይናቸው ተከድኖ አገኘቻቸው። ጠራቻቸው። ደግማ ጠራቻቸው። ከዚያ እጃቸውን ነካችና ጩኸቷን ለቀቀችው።

መርማሪዋ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም። ሴትየዋ ወገቧን ያማታል። ከተቀመጠች መነሣት ስለሚከብዳት ሥራዋን ሁሉ ቆማ መሥራት ለምዳለች፤ ስትቆም ደግሞ አንድ ቦታ አትረጋም። ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ትመላለሳለች።

«አለቃ፣ እርስዎ ሲመላለሱ እኔን አዞረኝ» አላት አብሯት የመጣው ሳጅን።

«ዓይንህን ከእኔ ላይ አንሣና ሬሳው ላይ አድርግ።» ወደ አስከሬን ሐኪሙ ዞረች። «ልብ ነው?»

«ልብ ነው ብዬ ልሄድ ነበር። የልብ ሕመም እንዳለባቸው ሁላችንም እናውቃለን። የከንፈራቸውን ውስጥ ሳይ ግን ጥርሳቸው ላይ ተጨፍልቆ ቆስሏል። የዓይናቸው ነጭ ላይ ደቃቅ የደም ነጠብጣብ አለ። ሰው በተኛበት ሲሞት እንዲህ አይሆንም።» ጭንቅላታቸው ሥር ያለውን ትራስ በአገጩ አሳያት። «በለስላሳ ነገር ታፍነዋል። መጀመሪያ የታፈኑትም ተቀምጠው ነው፤ የወንበሩ መደገፊያ ላይ የራስ ቅባታቸው ተጨፍልቆ ታትሟል።»

መርማሪዋ ጎንበስ ማለት ስለማትችል ሳጅኑን አስጎነበሰችው። ምንጣፉ ጸጉራም ነው፤ የተጎተተ ነገር መንገዱን ይናገራል። ሁለት የተረከዝ መስመሮች ከወንበሩ ተነሥተው በሶፋው ጥግ ጥግ እስከ መስኮቱ ይሄዳሉ። እዚያ ሲደርሱ ግን ግማሽ ክብ ሠርተው ይዞራሉ።

«ሳጅን፣ ሰው ስትጎትት በምኑ ትይዘዋለህ?»

«በብብቱ ነዋ።»

«ስለዚህ ራሱ ይቀድማል። ከበሩ ወደ መስኮቱ ብትጎትተው ራሱ የት ይደርሳል?»

«መስኮቱ ጋ።»

«የትራሱ ቦታም እዚያ ነበር፤ መብራቱ አሁንም እዚያው ነው። አስተኝቶ መሄድ ነው የቀረው። ታዲያ ይኼ ሰው ምን ብሎ ነው ከባድ ሬሳ አዙሮ፣ ትራሱንም አዙሮ፣ ራሳቸውን ወደ በሩ ያደረገው?»

«ተደናግጦ ይሆናል።»

«የደነገጠ ሰው ሥራ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።»

አንድ ነገር ደግሞ አየች። የሟቹ ሸሚዝ አንገቱና ታቹ በትክክል ተቆልፏል፤ ደረታቸው ላይ ግን አንዱ ቁልፍ የጎረቤቱን ቀዳዳ ይዟል፣ ጨርቁም እዚያ ጋ አብጧል። ሳጅኑ እጃቸውን አንሥቶ እንዲመልስ አድርጋ መመላለሷን ቀጠለች።

ሟቹ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ምክትል ዲን ነበሩ፤ ሐኪም የሚሆነውን ሁሉ ታካሚ አልጋ አጠገብ አቁመው ያስተማሩ እሳቸው ናቸው። ተማሪዎች «ጸጥታ» ይሏቸዋል። ማዳመጫቸውን ደረት ላይ ባሳረፉ ቁጥር «ጸጥታ!» ብለው ይጮኹ ስለነበር ነው። ያኔ ዝንብም ክንፏን ትሰበስባለች እየተባለ ይቀለድባቸዋል። በጆሯቸው ብቻ የልብን ሕመም ለይተው ስማቸው ገንኖ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ጉባኤ የክብር ፕሮፌሰር ብሎ ካባ ሊያለብሳቸው፣ እሳቸውም እዚያው ቆመው በቦታቸው ማን ቢሾም እንደሚበጅ ሊናገሩ ነበር። እሳቸው ያሉት እንደሚጸድቅ የማያውቅ የለም።

በምሳ ሰዓት ወደዚያ ፎቅ የወጡት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የደረጃው ጥበቃ ሦስቱንም አይቷል። አንደኛው የሟቹ ታናሽ ወንድም ነው፤ የባዮኬሚስትሪ አስተማሪ። ሁለተኛው ግራኙ የሚሉት ቀዶ ሐኪም ነው። ሦስተኛዋ የልብ ሐኪሟ ናት፤ የሟቹ ተማሪ የነበረች፣ አሁን እንደ ልጃቸው የምትታይ። ሦስቱም ቢሮአቸው እዚያው ፎቅ ላይ ነው። ሦስቱም «ገብቼ ወጣሁ» አሉ።

ጸሐፊዋ ዕድሜዋ የገፋ ሴት ናት። እንባዋን በመሐረቧ ጫፍ እያበሰች ትናገራለች።

«ለማን ለማን ደወሉ?»

«ለሦስቱም ደወልኩ ልጄ። ዲኗ ከእንግዶች ጋር ውጭ ነበሩ፤ ማንን ልጥራ? ‹ቢሮ ውስጥ ሞተው አገኘኋቸው፣ ድረሱ!› አልኩ። ለሦስቱም ያው ነው፤ ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።»

«እነሱስ ምን አሉ?»

«ወንድማቸው ‹እነማንን?› አለኝ። ‹ሞተው› ስለው ሁለት ሦስት ሰው ያለቀ መስሎታል። ግራኙ ‹ዲኗን?› አለ። የሁለቱም ጸሐፊ እኔ አይደለሁ፣ ዲኗም ሰሞኑን የደም ግፊት ጥሏቸው ነበር። የልብ ሐኪሟማ ምን ትበል፣ ‹ወይኔ አባቴን!› ብላ ጮኸችብኝ። አንጀቴን በላችው።»

መርማሪዋ ቆም አለች። ከዚያ መራመድ ቀጠለች።

«ፕሮፌሰሩ ሶፋው ላይ ሲተኙ ራሳቸውን ወደየት ነበር የሚያደርጉት?»

«ወደ መስኮት። ‹ማን እንደገባ ሳላይ አልተኛም› ይላሉ። እኔም ብሆን ቆሜ ካልታየኋቸው መናገር የለም። ስልክ ማንሣት ትተዋል፤ ‹ግቢና ፊት ለፊቴ ቆመሽ ንገሪኝ› ነው የሚሉት። ክብር ይወዱ ነበር፣ ነፍሳቸውን ይማረውና።»

«ጠዋት ከወንድማቸው ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

ሴትየዋ ወደ በሩ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሰሞኑን ሁልጊዜ ነው። ዛሬማ ባሰ። ‹ለጉባኤው ንገራቸው! ዛሬ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ! አንተን ብዬ እስከ መቼ ልቻል!› ግድግዳው ያስተጋባ ነበር።»

«እሳቸውስ ምን መለሱ?»

«አልሰማሁም። የሚጮኸው እሱ ብቻ ነው።»

ሳጅኑ ይህ በቂ ነው ባይ ነው። የመርማሪዋም አለቃ በስልክ ያንኑ አላት፦ ወንድምየው ሦስት ጊዜ ማዕረግ ጠይቆ ሦስት ጊዜ በገዛ ወንድሙ ተከልክሏል፤ ጠዋት ሲዝት ተሰምቷል፤ በምሳ ሰዓት ፎቁ ላይ ነበር። ነገ ከሰዓት ክስ ይመሠረትበት። «ከጉባኤው በኋላ ይሁን» ብላ ለመነችው። «ከጉባኤው በኋላ፣ አንዲት ደቂቃ አልጨምርልሽም» ብሎ ዘጋባት።

ወንድምየውን የስብሰባው ክፍል ውስጥ አስቀምጠውታል። ቀጭን፣ ጣቶቹ በላቦራቶሪ ቀለም የጠየሙ ሰው ነው።

«ሦስት ጊዜ ከለከሉዎት።»

«ሦስት ጊዜ። ‹ወንድሙን ሾመ እንዳልባል› እያለ።»

«አልተናደዱም?»

«ተናድጃለሁ እንጂ። ሌላው ሰው ቢሆን በሕግ እከሰው ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ምን ላድርገው? እያኮረፍኩ ቤቱ ሄጄ እበላለሁ።»

«ለጉባኤው ምን ይንገሯቸው ብለው ነው የጮኹት?»

የጣቶቹን ቀለም መፋቅ ጀመረ።

«ስሙኝ። ክስ ሊመሠረትብዎት ነው። ሥራዎ፣ ስምዎ፣ ልጆችዎ ሁሉ እዚህ ውስጥ ገቡ። ንገራቸው ያሉት ነገር ምንድነው?»

«የቤት ጉዳይ ነው።»

«የቤት ጉዳይ ለጉባኤ አይነገርም።»

«ነገ ካባውን በሬሳው ላይም ቢሆን እንደሚያለብሱት ዲኗ ነግረውኛል» አለ ጣቶቹን እያየ። «ያልብሱት። ከዚያ በኋላ የፈለጋችሁትን አድርጉኝ።»

መርማሪዋ ሳጅኑን ጠርታ ወደ ሟቹ ቢሮ ወሰደቻቸው። «ሳጅን፣ ሙት። እርስዎ ደግሞ ይቺን ሬሳ ሶፋው ላይ ያስተኙልኝ።» ሳጅኑ ባለመደገፊያው ወንበር ላይ ተልፈስፍሶ ምላሱን አወጣ። «ምላስህን ሰብስብ፣ አልተሰቀልክም» አለችው። ወንድምየው እያለከለከ ሰውዬውን በብብቱ ጎትቶ፣ ራሱን በመስኮቱ በኩል እንዳረፈ ጣለውና ላቡን ጠረገ። ማዞር የሚባል ነገር በሐሳቡም አልመጣም።

«በሕይወትዎ ስንት ታካሚ መርምረዋል?»

«እኔ? አንድም። የሙከራ ቱቦ ነው የማውቀው። ግራኙ ‹የውሸት ሐኪም› እያለ ይቀልድብኛል።»

የልብ ሐኪሟ ክፍል ንጹሕና ጠባብ ነው። የምርመራው አልጋ እንደ ሶፋው ጎኑን ግድግዳ አስደግፏል። ሐኪሟ ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን የረጋ ነው። መርማሪዋ ሁለት ጊዜ ክፍሉን ስትዞር አየቻትና ብድግ አለች።

«ወገብዎን ነው። እየጠየቁኝ ልይልዎት፤ ይተኙ።»

መርማሪዋ በቀረባት በኩል እንደመጣላት ተጋደመች።

«እንዲያ አይደለም፣ ዞረው ይተኙ። ራስዎን ወደዚያ።»

«ልዩነት አለው?»

«እንዲያ ሲሆን እጄ አይታዘዘኝም» አለች ሐኪሟ ፈገግ ብላ።

መርማሪዋ እያቃሰተች ዞረች። ጣሪያውን እያየች ጠየቀች። «ሹመቱ ለእርስዎ ነው ሲባል ሰማሁ።»

«ከራሳቸው አፍ ሰምቼዋለሁ። ታዲያ ነገ ስሜን ሊጠራልኝ የተዘጋጀን ሰው ዛሬ ልግደለው? እግርዎን ያንሡ። ያማል?»

«ያማል። ከወንድማቸው ጋር ስለምን ነበር የሚጨቃጨቁት?»

«ስለ ማዕረግ ነዋ። ቀናተኛ ነው። አባቴ አዝነውለታል፣ እሱ ግን አላዘነላቸውም።» የወገብ መታጠቂያ ማዘዣ ጻፈችላትና እጇን ታጠበች። መርማሪዋ ከመውጣቷ በፊት የአልጋውን አቀማመጥ እንደገና አየችው።

ግራኙ ደግሞ ገና ከቀዶ ሕክምና መውጣቱ ነው፤ ወገቤን ይዩልኝ ስትለው በሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። «ወገብ? አይ እህቴ፣ እኔ የማውቀው መቁረጥ ብቻ ነው! ይተኙና ከየት እንደምንጀምር እንይ።»

እሷም አሁን በተማረችው መሠረት ተኛች።

«ውይ ተገላቢጦሽ! እዚህ ቤት ሕጉ ሌላ ነው። ይዙሩ።»

«ለምን ትዞራላችሁ ታዲያ ሁላችሁም?» አለች እያማረረች። «አንዱ በወዲህ፣ አንዱ በወዲያ!»

«አንድ ሰው ብቻ ነው በወዲያ፤ እሱም እኔ ነኝ።» ግራ እጁን አወዛወዘላት። «ሐኪም ከታካሚው በስተቀኝ ይቆማል። የመጀመሪያው ትምህርት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሲሞቱም አይረሳ። አልጋ ግድግዳ ጋ ካለ ታካሚውን ቀኙ ወደ አንተ እስኪሆን ታዞረዋለህ። ቀኝ እጅህ ሆዱን ይዳስሳል፣ ደረቱን ያዳምጣል። እኔ ግን ቀኝ እጄ ማንኪያም አይዝም። ተማሪ ሆኜ ጸጥታ በክርን እየገፉ ቀኝ ያቆሙኝ ነበር። የራሴ ክፍል ሲሰጠኝ ያደረግኩት አንድ ነገር አልጋዬን ማዞር ነው። በግራ እቆማለሁ፣ እግዜርም አልቀሠፈኝም።»

መርማሪዋ ወገቧን ረስታ ቀና ብላ ተቀመጠች። «ሰው መሞቱንስ እንዴት ያረጋግጣሉ?»

«አንገቱን ነካ፣ አለቀ። የውስጥ ደዌ ሐኪሞቹ ግን ሸሚዝ ሳይከፍቱ አያምኑም። በሸሚዝ ላይ የሚያዳምጥ ተማሪ ካዩ ጸጥታ ከክፍል ያባርሩት ነበር። ‹ጨርቅ ልብ የለውም!›» የሟቹን ድምፅ ሲያስመስል ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተቋረጠበት።

«የደበቁኝ ነገር አለ።»

«እ?»

«በር ላይ ሆነው የሳቁት ሳቅ ለእኔ አልነበረም፤ ለራስዎ ነው።»

ግራኙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ብናገር የሚጎዳው እኔኑ ነው። ትናንት ጸጥታን የልብ ሐኪሟ ለጥናቷ የያዘቻቸው ታካሚዎች ክፍል አየኋቸው። ከአልጋ አልጋ እየሄዱ ያዳምጣሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲወጡ ፊታቸው ከስሎ ‹አንተ ተዘጋጅ› አሉኝ። ‹ለምኑ?› ስል ‹ጸጥታ!› አሉኝ። እንግዲህ ሹመቱ ለእኔ ዞሯል ማለት ነው። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ማንም አያምነኝም።»

«ለማን ተናገሩት?»

«ለማንም። እሳቸው ግን ለእሷ ሳይነግሯት አይቀሩም። ሰውን ከኋላ አይመቱም ነበር።»

በማግስቱ አዳራሹ ውስጥ የክብር ካባው ባዶ ወንበር ላይ ተዘርግቶ ነበር። ዲኗ፣ የጉባኤው አባላት፣ ሦስቱ ሰዎችና ጸሐፊዋ ረጅሙን ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። ሳጅኑ ወንድምየው ጀርባ ቆሟል። መርማሪዋ ብቻ ከጠረጴዛው ጀርባ ትራመዳለች፤ እሷ በዞረች ቁጥር ራሶች ሁሉ አብረው ይዞራሉ።

«እባክዎ ይቀመጡ» አሉ ዲኗ ትዕግሥታቸው አልቆ።

«ብቀመጥ የሚያነሣኝ ሐኪም ልትሰጡኝ ነው፤ ይቅርብኝ። አጭር ነው።» እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። «ፕሮፌሰሩ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ታፍነው ሞቱ። ገዳዩ በእንቅልፍ የሄዱ እንዲመስል ወደ ሶፋው ጎተታቸው። ራሳቸው መስኮቱ ጋ ደረሰ። እሳቸው ሁልጊዜ የሚተኙትም እንደዚያው ነው። ያኔ ግራ ጎናቸው ነው ወደ ክፍሉ የሚሆነው። ገዳዩ ግን አዞራቸው፤ ቀኛቸው ወደ ክፍሉ ሆነ። ለማስመሰል አይደለም፤ ማዞሩ እንዲያውም ማስመሰሉን አበላሸበት። ታዲያ ለምን አዞራቸው? ለሙያው ሰው ጥያቄው ቀላል ነው።»

ከጉባኤው አባላት አንዱ ሳያስበው ቀኝ እጁን አየ።

«ገዳዩ አዞራቸው፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የሚሠራው ነበረው። ሸሚዛቸውን ደረታቸው ላይ ከፍቶ ልባቸው መቆሙን አዳመጠ። ሲመልሰው አንድ ቁልፍ ሳተ። ከታካሚው በስተቀኝ ቆሞ፣ በራቁት ደረት ላይ፤ ልክ እሳቸው እንዳስተማሩት። ወንድማቸው ታካሚ ነክተው አያውቁም፤ ትናንት ሳጅኔን ያስተኙት ራሱን ወደ መስኮት አድርገው ነው። ቀዶ ሐኪሙ በግራ ነው የሚቆሙት፣ ሞትንም አንገት ላይ ነው የሚፈልጉት። ‹እጄ አይታዘዘኝም› ብላ ያዞረችኝ አንድ ሰው ናት።»

የልብ ሐኪሟ አልተንቀሳቀሰችም። «ሀገር ምድሩ ሐኪም ከቀኝ ነው የሚመረምረው።»

«ልክ ነዎት። ፎቁ ላይ የነበሩት ግን ሦስት ናቸው። ጸሐፊዋ ደውለው ‹ሞተው አገኘኋቸው› ሲሉ ስም አልጠሩም። ወንዱም ሴቷም፣ አንዱም ብዙውም በዚያው ቃል ይጠራል። አንዱ ‹እነማንን?› አለ፤ አንዱ ‹ዲኗን?› አለ። እርስዎ ‹አባቴን› አሉ።»

«ልባቸው ደካማ ነበር። ማን ሊሆን ይችላል ታዲያ? ደግሞስ ምን ላገኝ? ሊሾሙኝ ነበር እኮ!»

«ያ እስከ ከትናንት ወዲያ ነበር። ከዚያ ታካሚዎችዎን አዳመጡና ሐሳባቸውን ቀየሩ። ጥናትዎ ልብ ከመታመሙ በፊት ስለሚሰማ ስስ ድምፅ ነው። እሳቸው ከአልጋ አልጋ ዞረው ምንም አልሰሙም።» መርማሪዋ መራመዷን አቆመች። ወደ ወንድምየው ስታይ ፊቱ ተለወጠ።

«እባክሽን» አላት። «እባክሽ እኅቴ፣ እሱን ተዪው።»

«ጠብ ቢሆን ሁለት ድምፅ ይሰማ ነበር። ጸሐፊዋ ግን የሰሙት አንድ ብቻ ነው። ስልክ የማያነሡ፣ ፊት ለፊት ካልቆሙ የማይመልሱ፣ በሩን ሳያዩ የማይተኙ ሰው... ክብር መውደድ አልነበረም። ወንድማቸው የሚጮኹት ስለተቆጡ ብቻ አልነበረም፤ እንዲሰሟቸውም ነው። ‹ንገራቸው› ያሉትም ይሄንኑ ነው። ፕሮፌሰሩ መስማት እያቆሙ ነበር።»

ወንድምየው ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ። «ካባውን ሲለብስ እነግራቸዋለሁ ብሎኝ ነበር» አለ ከዚያው ሆኖ። «‹ጸጥታ ደንቆረ ሳይሉኝ በክብሬ ልውጣ፣ ከዚያ ማዳመጫውን እሰቅለዋለሁ›። እስከዚያ በማንም ላይ አትፍረድ አልኩት። ለመንኩት። አልሰማኝም።»

«አይሰሙም ነበር?» አለች የልብ ሐኪሟ።

ዲኗ ባዶው ወንበር ላይ ወዳለው ካባ ዞሩ።

«አይሰሙም ነበር?» ተነሣች። ድምፅዋ የተማሪ ድምፅ ሆነ። «‹ያልሰማሽውን ጽፈሻል፣ ነገ በሰው ሁሉ ፊት እናገራለሁ› አሉኝ። ‹በመሣሪያ ይቀረጽ› ብላቸው ‹የእኔ ጆሮ እያለ?› አሉኝ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ከኋላቸው ሆኜ ለመንኳቸው፤ ስንት ጊዜ ለመንኳቸው! መልስ እንኳ ነፈጉኝ። ናቁኝ ብዬ...» ወደ ወንድምየው ዞረች። «አንተ! ለምን አልነገርከኝም? አንዲት ቃል እኮ ናት!»

«አስምሎኝ ነበር» አለ፣ ራሱን ሳያነሣ።

«ትራሱን ሳነሣ እንኳ አልዞሩም» አለች በዝግታ፣ ለማንም ሳይሆን። ሳጅኑ ከወንድምየው ጀርባ ወጥቶ ወደ እሷ ሄደ። ጸሐፊዋ መሐረቧን አፏ ላይ ጭና ታለቅሳለች። ግራኙ ግራ እጁን በቀኙ ይዞ ተቀምጦ ነበር።

ወንድምየው ያን ዕለት ማምሻውን ተለቀቀ። ፍርድ ቤቱ በሐኪሟ ላይ የአሥራ ስድስት ዓመት እስራት ወሰነ። ምክትል ዲንነቱ ለግራኙ ተሰጠ፤ እሱም ከሁሉ አስቀድሞ የሐኪሟ ጥናት በገለልተኛ ሰዎች እንዲጣራ ጠየቀ። ከሌላ ከተማ የመጡ ሦስት ሐኪሞች የልብ ድምፅ መቅረጫ ይዘው ፕሮፌሰሩ ያዳመጧቸውን አሥራ አንድ ታካሚዎች አንድ በአንድ መረመሩ። ድምፁ በአሥሩ ላይ ተገኝቷል።